ድሮ የምትባል ሳሙና

በአደባባይ ለሚናዘዙ ታላላቅ ሰዎች ምስጋና ይድረሳቸው። ንስሐን ከደጀ ሰላም አውጥተው ማይክ ፊት አቁመውልናል።

የኛው መንገድ መቼም አድካሚ ነው። ጎንደር ውስጥ ኃጢአት የከበደው ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር ጥግ ይይዛል። በሹክሹክታ ይናገራል። ከዚያ ቀኖናው ይመጣል፦ ስግደቱ፣ ጾሙ፣ የበደሉትን ሄዶ መካሱ። ማን ይችለዋል? በአዲሱ ሥርዓት ተናዛዡ አይሰግድም፣ አድማጩ ያጨበጭባል እንጂ።

የዚህ ትምህርት ሊቁ ተዋናዩ ሊያም ኒሰን ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ ፊልሙን ሊያስተዋውቅ ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ፣ አለ፣ የቅርብ ወዳጄ ተደፈረች። ደፋሪው ጥቁር መሆኑን ሲሰማ ዱላ ይዞ ለሳምንት ያህል ጎዳና ለጎዳና ዞረ። የሚፈልገው ደፋሪውን አልነበረም። ከመጠጥ ቤት ብቅ ብሎ ነገር የሚፈልገው ማንኛውም ጥቁር ይበቃው ነበር፣ ሊገድለው። አሁን ያሳፍረኛል አለ።

በማግስቱ ኒውዮርክ ላይ የነበረው የቀይ ምንጣፍ ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ። ግማሹ ሰው ይወገዝ አለ። ጥቁሩ የቀድሞ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች ጆን ባርንስ ደግሞ ሜዳሊያ ይገባዋል አለ። (የባርንስ ነገር እንኳ ያሳስባል፤ ሐሳቡን የዘራበት ማኅበረሰቡ ነው ባይ ነው።) በዚያ ሳምንት ከመጠጥ ቤቱ ሳይወጣ የተረፈውን ሰውዬ ግን ምን ትላለህ ያለው የለም።

እኛም ተምረናል። በቀደም እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ምሳ ላይ ቁጭ ብለን አንዱ ወዳጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ድሮ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ይመስለኝ ነበር» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። «ጀግና!» አለው አንዱ። ሌላው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሒሳቡም በኛ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በእጁ ሥራ መስደብ ይቅር ብለው ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ወዳጄ ዘንድ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ አይፈረድበትም።

«የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ወለቃ እኮ በባጃጅ ቅርብ ናት፤ ሄደህ ይቅርታ አትልም?» አልሁት።

«ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኞቹ እስራኤል ገብተዋል እኮ» አለኝ።

እንዴት ያለ ምቹ ነገር! በዳይ ጎንደር፣ ተበዳይ ባሕር ማዶ።

የሁሉም ነገር ቁልፍ «ድሮ» ናት። ከየትኛውም ሳሙና ትበልጣለች፤ ውኃ እንኳ አትፈልግም። ማንም «ትናንት ማታ» ብሎ ሲናዘዝ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን እያብሰለሰልሁ ጥብሱ መጣ። ወዲያው ጀበና በገመድ ያንጠለጠለች ሴትዮ በሩ ላይ ቆመች።

«ጀበና አትገዙም ልጆቼ?»

«ለዛሬ ይቅርብን እናቴ» አላት ወዳጄ በፈገግታ። ድምፁ ማር ነው። ግራ እጁ ግን እንጀራውን ጫፉን ይዞ ጥብሱ ላይ ቀስ አድርጎ መለሰው።