ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ከውጭ ይግዙት»

ጉዳዩ፦ በሐዋሳ ስላደረጉልን አቀባበል ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እናቴና እኔ ጓዛችንን ጠቅልለን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣን አራተኛ ወራችንን ይዘናል። በእነዚህ ወራት አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ለመብላትና ታቦር ተራራ ወጥተን ሐይቁን ለማየት የነበረን ዕቅድ እስካሁን ባይሳካም፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ግን በመደርደሪያቸው ቀለምና በሻጮቻቸው ፊት ለይተን ለማወቅ በቅተናል። ይህ ሁሉ የሆነው በእርስዎ ቸርነት ስለሆነ፣ ውለታዎ ተሸፍኖ እንዳይቀር ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍልዎ ወድጃለሁ።

የተዋወቅነው በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የመድኃኒት መስኮት ሥር ነበር። እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ታካሚ ስትሆን፣ ሐኪሟ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንድትወስድ አዝዞላታል። አንድ ሰዓት ከተሰለፍን በኋላ ባለሙያዋ ማዘዣውን ተቀብላ አየችና፣ ቀና ሳትል ስምዎን ጠርታ ወረቀቱን መለሰችልን። እናቴ «ውጭ» ሲባል ውጭ አገር መስሏት፣ ፊቷ በሐሳብ ተውጦ «ልጄ፣ እኛ ውጭ ማን አለን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ውጭ ማለት ከግቢው በር ማዶ ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም፤ አስፋልቱን እንደተሻገርን ራሱ ታየን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ውስጥ የጠፋው መድኃኒት በር ላይ በመደርደሪያ ተደርድሮ የሚገኝበትን ምስጢር መግለጽ ግን የእርስዎ ፋንታ ነውና እኔ አልገባበትም።

በመጀመሪያው ፋርማሲ የገጠመን ጥያቄ «የየት አገሩ ይሁንልዎ? የህንድ አለ፣ የጀርመን አለ» የሚል ነበር። ኪኒን ልገዛ ሄጄ ቪዛ የምጠይቅ መሰለኝና ደንገጥ ብዬ የህንዱን አልኩ። ለአንድ ወር አምሎዲፒን ብቻ 310 ብር ተጠየቅሁ። ሦስት ቤት አልፈን ስንጠይቅ፣ የዚያው ፋብሪካ ስም ያለበት፣ ያው ቀለም ያለው እሽግ 190 ብር ነው ተባልን። ተመልሼ የልዩነቱን ምክንያት ብጠይቅ «ዶላር ጨምሮ ነው» አሉኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ አገር የሚገባ እንደመሆኑ፣ ዋጋው መናሩን የሚክድ ሰው የለም፤ እኔም አልክድም። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይኸው ዶላር በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቤት ሲሻገር 120 ብር የሚቀንስበት ስሌት ነው።

አዲስ አበባ ሳለን የከተማው አስተዳደር የከነማ መድኃኒት ቤቶች ነበሩልን፤ ሰልፉ ቢረዝምም ዋጋውን ተማምነን እንሰለፍ ነበር። እዚያ ያጣነውን የሰፈራችን ፋርማሲ ልጅ እናቴን ከሩቅ ሲያያት ገና ሳትናገር ያወርድላት ነበር፤ እጅ ሲያጥራትም ለደመወዝ ቀን ያቆይላታል። እዚህ ግን የማንም ደንበኛ አይደለንም። ነዋሪው የትኛው ቤት እንደሚወደድ፣ የትኛው እንደሚረክስ ከጎረቤቱ ሰምቶ ያውቃል፤ አዲስ መጪ ደግሞ ማዘዣው ላይ ላልተጻፈ ነገር ጨምሮ ይከፍላል። የእንግድነት ዋጋ ብዬዋለሁ።

ገንዘባችን ለወሩ ሙሉ ባልበቃበት ቀን የአሥራ አምስት ቀን ስጡን አልን። ሻጩ በአንድ ሙሉ እሽግ ላይ፣ አሥር ፍሬ የያዘ ሌላ እሽግ በመቀስ እኩል ቆርጦ አምስቱን ሲጨምርልኝ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው የተጻፈበት ጫፍ እርሱ ጋ ቀረ። አሳየኝ ስለው ቅር ብሎት አሳየኝ። እናቴም ማታ ቁራጩን በመዳፏ ይዛ፣ «ልጄ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ብውጠውስ? ለወሩ ይዳረስ ነበር» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ብዙ ስቄያለሁ፤ በዚያች ማታ ግን አልሳቅሁም።

በሦስተኛው ወር ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ባጃጅ እንኳ በግድ በሚገባበት ቅያስ፣ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት አገኘን። ባለሙያው ማዘዣውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አነበበና፣ «ሐኪሙ የጻፈው የመድኃኒቱን ስም እንጂ የፋብሪካውን ስም አይደለም፤ ግሉኮፋጅ ተብሎ የሚሸጠውም ውስጡ ያው ሜትፎርሚን ነው» አለን። የሁለቱን ዋጋ በማዘዣው ጀርባ ጽፎ አሳየንና የረከሰውን እንድንወስድ መከረን። እናቴ መርቃው አልጠግብ አለች። በወሩ ስንመለስ ያው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «አልቋል፤ እስኪ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» አለን። ክቡር «ሌላ ቦታ ይሞክሩ» የእርስዎ የቅርብ ዘመድ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንዲት ነገር በትሕትና እለምንዎታለሁ። እንዲቀሩልን አልጠይቅም፤ እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ብቻ ወደፊት በዚያ መስኮት ስምዎ ሲጠራ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነና እዚያ ስንት እንደሚሸጥ የምትናገር አንዲት መስመር ከስምዎ ሥር ቢያስጽፉልን፣ ለእናቴ ጉልበትም ለእኔም ኪስ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲያመላልሰን ከርሞ፣ አሁን አሁን ገና ሳንሳፈር «እማማ፣ ዛሬስ የየት አገሩን ነው?» እያለ ለሚጠይቀን የባጃጅ ሾፌር