ማስተካከያ፦ የሊፔዝ ቁጥር የሕመሙን ክብደት አይነግርም

ባለፈው ስለ ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ስጽፍ፣ ቆሽት የሚያመነጨውንና በደም ምርመራ የሚለካውን ኢንዛይም ሊፔዝን አንስቼ «ሊፔዝ ከፍ ባለ ቁጥር በሽታው ይከፋል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የነገሩ ክብደት የገባኝ ከኮምቦልቻ ደሴ ልጃቸውን ለማስታመም የመጡ አንዲት እናት የላብራቶሪ ወረቀት ሲያሳዩኝ ነው። ሊፔዙ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተከቧል። «ልጄ ሊሞትብኝ ነው?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጁ ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ እየጠጣ ነበር።

ሊፔዝ ወይም አሚሌዝ (ሌላው የቆሽት ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን በሽታውን ለመለየት ይረዳል። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ የተለመደው የላይኛው ሆድ ሕመም ወይም የምስል ምርመራ ሊያግዘው ይገባል። 3 እጥፍም ይሁን 10 እጥፍ ግን ክብደቱን አይለካም። በየቀኑ ማስለካትም ገንዘብ ማባከን ነው።

ለክብደቱ ሐኪሞች ሌላ ነገር ያያሉ። ሲአርፒ (በደም ውስጥ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳይ ፕሮቲን) በ48 ሰዓት ከ150 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ያሳስባል። የመጀመሪያው ቀን ዝቅ ማለቱ አያዘናጋችሁ፤ ለመጨመር ጊዜ ይፈልጋል። ፈሳሽ እየተሰጠም የደም ዩሪያ (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከጨመረ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም።

የቀደመውን ጽሑፍ ለቤተሰብ ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይሄንንም አድርሱልኝ።