ጆን ብራይት ሚኒስትርነቱን ለምን ተወ?

«ከውስጥ ሆኜ ብታገል ይሻላል» የሚል ሹመኛ በየአገሩ አይጠፋም። አንዳንዱ ከልቡ ነው የሚለው። ችግሩ ግን የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚወጣ ሳይወስን መግባቱ ነው። ከገባ በኋላ የማይፈርመው ነገር የለም። የእንግሊዙን ፖለቲከኛ ጆን ብራይትን የማነሣው ለዚህ ነው።

ብራይት እ.ኤ.አ. በ1811 ሮችዴል በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥጥ ፋብሪካ ነበራቸው። ቤተሰቡ ኩዌከር ነው። ኩዌከሮች መሐላ የማይምሉ፣ ጦርነትን በእምነታቸው የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ስሙ የገነነው በዳቦ ጉዳይ ነው። ከፖለቲከኛው ሪቻርድ ኮብደን ጋር ሆኖ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የተጣለውን ቀረጥ ታገለ፤ ሕጉም በ1846 ተሻረ። የፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት በሕግ ይገደብ ሲባል መቃወሙን ግን አልወድለትም።

እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በክሬሚያ ጦርነት ጊዜ አገሬው «ግፋ በለው!» ሲል እሱ አይሆንም አለ። በ1855 ፓርላማ ውስጥ ቆሞ፣ የሞት መልአክ በአገሩ ላይ እየዞረ ነው፣ የክንፉ ድምፅ ሊሰማ ምንም አልቀረው አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማንችስተር መራጮች ከወንበሩ አወረዱት። ያው ዓመት ሳያልቅ በርሚንግሃም መረጠችው።

በ1868 ግላድስተን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትርነትን አቀረበለት። ትልቅ ሹመት ነበር። ብራይት እምቢ አለ፤ ሕንድን ማስተዳደር ጦር ማዘዝም ነውና። በምትኩ የንግዱን መሥሪያ ቤት ያዘ። ኩዌከር ስለሆነም ንግሥት ቪክቶሪያ በሹመቱ ሥነ ሥርዓት ላይ እንዳይንበረከክ ፈቀዱለት። ለእኔ ከንግግሮቹ ሁሉ ይህች እምቢታ ትበልጣለች። መስመሩን ያሰመረው በሩ ላይ ቆሞ ነው።

በ1882 በግላድስተን ካቢኔ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሚኒስትር ነበር። ሐምሌ ወር ላይ የእንግሊዝ መርከቦች የግብፅን ወደብ እስክንድርያን በመድፍ ደበደቡ። ብራይት ሥልጣኑን ለቀቀ። ከካቢኔው በዚህ ምክንያት የወጣ ሌላ ሰው የለም። ለፓርላማው ሲያስረዳ ጓዶቹን አልወረፈም። የሥነ ምግባር ሕግ ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥታትም እንደሚሠራ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር መኖሩን ተናገረ። ይህ ድብደባ ያንን የሚጥስ ነው አለ። ግላድስተንም በመርሁ እንስማማለን፣ የምንለያየው በዚህ ጉዳይ አፈጻጸም ላይ ነው ብሎ መለሰ። በመርህ ተስማምቶ ከተማ መደብደብ ምን ዓይነት ስምምነት ነው?

ዘገየ የሚሉት አሉ። እውነት ነው፣ የለቀቀው መድፉ ከተተኮሰ በኋላ ነው። እኔም ከድብደባው በፊት ለግብፆች ማስጠንቀቂያ ሲላክ በወጣ ኖሮ እላለሁ። የወጣው ግን እሱ ብቻ ነው። በ1889 እስኪሞት ድረስ የፓርላማ አባል ሆኖ ቆየ፤ ዳግም ግን ሚኒስትር አልሆነም።