ከአንኮበር በር እስከ ሞምባሳ መንበር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። በማግስቱ አንኮበር ወጣሁ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ብርዱ ግን ሌላ ነው፤ ጋቢ ደርቤም አልሞቀኝ። ከቤተ መንግሥቱ የተረፈው ግንብ ሥር ስንደርስ አስጎብኚያችን ታሪኩን ጀመረ። የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ሣህለ ሥላሴን አነሣ፣ ምኒልክን አነሣ። በአንኮበር ስም ስለምትጠራው ትንሽ ወፍም ነገረን። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲናገር ያስደስታል።

«ፈረንጆችም እዚህ መጥተው ነበር» ብሎ ሊያልፍ ሲል አስቆምኩት።

«የትኞቹ ፈረንጆች?»

«እንግሊዞች ናቸዋ ጋሼ። ለንጉሡ ጠብመንጃ ያመጡት።»

ልክ ብሏል። ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሸዋ ገብቶ፣ ኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። ጠብመንጃም አምጥቷል። ከሃሪስ 2 ዓመት ቀድሞ አንኮበር የገባ ሌላ ፈረንጅ ግን አለ። እሱ ያመጣው መጽሐፍ ነው። ልጁ ስሙን ሰምቶት አያውቅም።

ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላል። ጀርመናዊ ነው፣ እምነቱም ሉተራን። የላከው ግን «ቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ» የተባለው የእንግሊዝ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ነው። በ1831 ዓ.ም. ከባልደረባው ከካርል ኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል በረሃውን አቋርጦ ሸዋ ገባ። ኢዘንበርግ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ። በኋላ ለንደን ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ያሳተመው እሱ ነው። ክራፍ ግን አንኮበር ቀረ። 3 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ድረስ እዚህ ኖረ። ጥቂት ልጆች ያስተምር ነበር። በግእዝና በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት ያድል ነበር። ኦሮምኛም ተምሮ ከወንጌል መተርጎም ጀመረ።

የሸዋ ካህናት በጥርጣሬ ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ጊዜው ራሱ የጭቅጭቅ ጊዜ ነበር። ለክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለውና ሁለት ልደት አለው የሚለው ወገን እርስ በእርስ ተፋጧል። በዚያ መሃል ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ጾሙንም፣ የቅዱሳንን ምልጃም ሲነካካ ማን ዝም ይለዋል? በዚያ ላይ ክራፍ የሃሪስን ቡድን በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት ረድቷል። ስለዚህ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ይህን የምለው ሰውየውን ለመኮነን አይደለም። ታሪኩን ስንናገር ግማሹን አስቀርተን እንዳንናገር ብዬ ነው።

መጋቢት 1834 ዓ.ም. በጎንደር በኩል ወደ ባሕር ሊወርድ ከአንኮበር ተነሣ። ወሎ ላይ ተዘርፎ ባዶ እጁን ምጽዋ ደረሰ። ግብፅ ሄዶ ሮዚን የምትባል ሴት አገባና በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ሊመለስ ሞከረ። ንጉሡ አላስገባም አሉ። አንኮበር ማለት የአንኮ በር ማለት ነው ይላሉ አባቶች። ያ በር በክራፍ ላይ ተዘጋ።

ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም፤ በምጽዋ በኩል እንደገና ሞከረ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በረሃው መሃል ያለ ጊዜዋ ምጥ መጣባት። ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ብዙም አልቆየች። ክርስትና ሲያነሷት ያወጡላት ስም በእኛው ቃል ነው፤ «እንባ» አሏት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ከአውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት፣ የበኩር ልጃቸውን ሲቀብሩ፣ ለሐዘናቸው ቃል የተዋሱት ከእኛ ነው። የተዘጋባቸውን ሀገር ቋንቋ በልጃቸው ስም ላይ አኖሩት።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወረዱ። የክራፍ ሐሳብ ኦሮሞዎች ዘንድ በሌላ በኩል ለመድረስ ነበር። በሸዋ ካልሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል ልሞክር አለ። በ1836 ዓ.ም. ሞምባሳ ገባ። ገና ወራት ሳይቆጠሩ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሮዚን ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በንዳድ ሞተች። ሕፃኗም ተከተለቻት። ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ተቀበሩ። ነሐሴ 1838 ዓ.ም. ከሚስዮናዊው ባልደረባው ከርብማን ጋር ራባይ በምትባል መንደር የመጀመሪያውን የሚስዮን ጣቢያ አቋቋመ። የስዋሂሊን ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም እዚያው አዘጋጀ። የኬንያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ታሪኳን የምትጀምረው ከዚህ ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አንኮበር ላይ አልበቅል ያለው ዘር ሌላ አፈር ላይ ሀገረ ስብከት ሆነ። ያ ሀገረ ስብከት ደግሞ እኛን ለዘመናት የፈተነን ጥያቄ ገጠመው። መንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ?

በ1876 ዓ.ም. አንግሊካኖች «ምሥራቃዊ የምድር ወገብ አፍሪካ» የሚል ሀገረ ስብከት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ጳጳስ እንግሊዛዊው ጄምስ ሃኒንግተን ነበር። የዛሬዎቹን ኬንያንና ኡጋንዳን የሚያህል ሀገር በእግር ሊያዳርስ ነው የመጣው። ግንቦት 1877 ዓ.ም. ራባይ ላይ ሁለት አፍሪካውያንን ዲቁና ሾመ፤ እሽማኤል ሴምለርንና ዊልያም ጆንስን። ጆንስ በልጅነቱ ለባርነት ከተሸጠ በኋላ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ሕንድ ሀገር ተምሮ ነው የተመለሰው።

በዚያው ዓመት ሃኒንግተን በምሥራቅ በኩል በዛሬዋ ኡጋንዳ ውስጥ ወደነበረችው ወደ ቡጋንዳ መንግሥት ጉዞ ጀመረ። የቡጋንዳ ሰዎች በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው መንግሥታችንን ይወስዳል የሚል ስጋት ነበራቸው። ጥቅምት 1878 ዓ.ም. በንጉሥ ምዋንጋ ትእዛዝ ተገደለ። ዕድሜው 38 ነበር። ቀሪውን ሲራራ ነጋዴ የሚያህል ጓዝና ተሸካሚ ይዞ ወደ ኋላ የቀረው ዲያቆን ጆንስ ነው። ሰዎቹን ሰብስቦ ያን ሁሉ ምድር አቋርጦ ራባይ መለሳቸው። ሲገቡ ከፊት የሚውለበለበው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ፊደል አንድ ቃል ተጽፎበታል፤ ኢካቦድ። መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ያውቀዋል። ታቦት ተማረከ ሲባል፣ ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ያለችው ሴት ለልጇ ያወጣችው ስም ነው።

እስቲ ይህን ዲያቆን አስቡት። ጳጳሱ ሞቷል። ምግብ አልቋል። ኃላፊነቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሕዝቡን በሰላም አገባ። ከዚህ በላይ የመሪነት ፈተና የት አለ? ቀጣዩ ጳጳስ ግን ከእንግሊዝ መጣ፤ ሄንሪ ፓርከር። እሱ በወባ ሲሞት አልፍሬድ ታከር መጣ፤ እሱም ከእንግሊዝ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሀገረ ስብከቱ ለሁለት ተከፍሎ ኡጋንዳና ሞምባሳ ሆነ። የሞምባሳ መንበርም በእንግሊዞች እጅ ቆየ። ኬንያውያን ጵጵስና ያገኙት ግንቦት 1947 ዓ.ም. ነው። ፌስቶ ኦላንግና ኦባድያ ካሪዩኪ ረዳት ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። ከጆንስ ዲቁና 70 ዓመት፣ ክራፍ ሞምባሳ ከገባ 111 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኦላንግ በ1962 ዓ.ም. የኬንያ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

ለፍትሕ ያህል፣ ነገሩ የገባቸው እንግሊዞችም ነበሩ። ክራፍን የላከው ማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ቬን ቤተ ክርስቲያን ራሷን ታስተዳድር፣ ራሷን ታኑር፣ ራሷ ትስበክ እያለ ይወተውት ነበር። በምዕራብ አፍሪካ አፍሪካዊው ሳሙኤል ክራውዘር በ1856 ዓ.ም. ጳጳስ የሆነው በዚህ ሰው ግፊት ነው። ቬን ካለፈ በኋላ ግን ወጣት ሚስዮናውያን መጥተው ሽማግሌውን ጳጳስ አዋረዷቸው። ክራውዘር በ1884 ዓ.ም. ሲያርፉ መንበራቸው ለነጭ ተሰጠ። ኡጋንዳ ላይ ታከር ነጩም ጥቁሩም ካህን በአንድ ሕግ ይተዳደር ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ የገዛ ሀገሩ ሚስዮናውያን ተቃወሙት። አስተምረው አስተምረው፣ መንበር ሲሆን እጃቸው ታሰረ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1600 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ጳጳስ ያመጣነው ከእስክንድርያ ነው። ሊቃውንቱ ሞልተዋል፣ ገዳማቱ ሞልተዋል፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌ አለ። ጳጳስ ግን ግብፃዊ መሆን ነበረበት። አንዱ ሲሞት ወርቅና እጅ መንሻ ተጭኖ ካይሮ ይኬዳል። አንዳንዴ ሀገሪቱ ያለ ጳጳስ ለዓመታት ትቆያለች። ካህን የሚሾም የለም፣ ታቦት የሚባርክ የለም።

በሩ የተከፈተው ግንቦት 1921 ዓ.ም. ነው። አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጳጳሳት ሆኑ። አንዱ የሰላሌው፣ የፍቼው ልጅ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሰባት ዓመት ብቻ ነው ያገለገሉት። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ረሸናቸው። ለፋሺስት ተገዙ ብዬ ሕዝቤን አልመክርም ስላሉ ነው። በዓመቱ ግንቦት ላይ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ።

የሀገር ልጅ መሆን ብቻውን ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም። አብረዋቸው ከተሾሙት መካከል አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ ሲሰዉ፣ አቡነ አብርሃም ከጣልያን ጋር ቆመዋል። ይህም ታሪካችን ነው። ግን አቡነ ጴጥሮስ ሲቆሙ የቆሙት በገዛ ሕዝባቸው ፊት ነው። ቃላቸው ያለ አስተርጓሚ ይሰማ ነበር። ከነጻነት በኋላ ለመጨረሻው ደረጃ ሌላ የሰሜን ሸዋ ልጅ ደረሱ። የሚዳ ሚካኤሉ ተወላጅ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ፣ አቡነ ባስልዮስ ተብለው ጥር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እገረማለሁ። አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ከሆኑ ከ4 ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ኦላንግና ካሪዩኪ የተሾሙት። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊት፣ ሌላዋ የትናንት ናት። አንዷ ጳጳስ ከካይሮ ትጠብቅ ነበር፣ ሌላዋ ከለንደን። መንበሩ ለልጆቻቸው የደረሰው ግን በአንድ ዘመን ነው። ሁለቱንም ያዘገየው ሊቅ ማጣት አይደለም። ጆንስ ነበረ፣ እጨጌዎቹ ነበሩ። የጠፋው እምነት የሚጥልባቸው ሰው ነው።

ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። በ2012 ዓ.ም. አንግሊካኖች በእስክንድርያ ስም የሚጠራ፣ ራሱን የቻለ የቤተ ክርስቲያን ክፍል አቋቁመዋል። አራት አህጉረ ስብከት አሉት፤ ግብፅ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ የአፍሪካ ቀንድ እና ጋምቤላ። በሀገራችን ካሉ አንግሊካኖች አብዛኞቹ ጋምቤላ ናቸው። ኑዌሩም አኙዋኩም በየቋንቋው ያመልካል። እዚያ ያለው የካህናት ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስሙ ቅዱስ ፍሬምናጦስ ነው፤ የእኛው አባ ሰላማ። ደስ ይላል። ኮሌጁ ከሚያወጣቸው ልጆች ውስጥ ነገ መንበሩን የሚረከቡ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። 111 ዓመት መጠበቅ የለባቸውም።

ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ሰዎች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ራባይ ላይ ስለ ክራፍ የሚናገር ሙዚየም አለ። ሰውየው ግን ወደዚያ የሄደው ከእኛ በር ተመልሶ ነው። ክራፍና ኢዘንበርግ ስለ ሸዋ የጻፉት የቀን ማስታወሻ በ1835 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታትሟል። የአንኮበርን ገበያ፣ ቤተ መንግሥት፣ ካህናት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ከዚያ ውስጥ እኛን የሚመለከተውን ክፍል በአማርኛ አሰናድተው ለአስጎብኚዎችና ለትምህርት ቤቶች ቢሰጡ ምን ይጎድላል? የሚያስመሰግነውም የሚያስከፋውም አብሮ ይግባ። የንጉሡም ምክንያት፣ የካህናቱም ሥጋት ይጻፍ። ግንቡ ሥር ደግሞ አንድ ሰሌዳ ይቁም።

ይህን ሁሉ ያን ቀን ለልጁ አልነገርኩትም፤ ብርዱም አላስቆመን። ቁልቁል ስንወርድ ስለ «እንባ» ብቻ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ አባትየው ማን ነበር ያልከኝ?» አለ። ክራፍ አልኩት። ጻፈው። «ቅዳሜ እንግዶች አሉኝ» አለኝ።