ምርቃት በነጥብ

ሐዋሳ አሮጌ ገበያ ቲማቲም የገዛ ሰው «መርቂልኝ እንጂ» ይላል፤ ሻጯ ትንሽ ታጉረመርምና ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግለታለች። ምርቃቱ አለቀ። አካውንት አልተከፈተም፣ የይለፍ ቃል አልተረሳም። ስልክ ውስጥ ያለው ገበያ ግን ምርቃቱን «ነጥብ» ብሎታል፤ ነጥብ ደግሞ ተሠርቶበት ነው የሚገኘው።

ነገሩ ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። እኛ ዓድዋ ላይ በነበርንበት በ1896 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለ ኩባንያ በባለሱቆች በኩል ለሸማች አረንጓዴ ቴምብር ማደል ጀምሯል። ቴምብሩ ደብተር ላይ ተለጥፎ ሲሞላ በዕቃ ይለወጣል። ያኔ የሚደክመው ምላስ ነበር፤ ዛሬ አውራ ጣት ነው።

ደንቡ ከአፕ አፕ ይለያያል፤ ለሂሳብ እንዲመቸን እንዲህ እንበል። በየቀኑ ገብቶ «አለሁ» ላለ 1 ነጥብ፤ ሳያቋርጥ ሰባተኛው ቀን ለደረሰ በ1 ፈንታ 5፤ ፎቶ ላለው አስተያየት 10፤ ተጋብዞ ለገዛ ሰው ለጋባዡ 50። 500 ሲሞላ የ50 ብር ኩፖን። የነጥቡ ዕድሜ 90 ቀን።

«አለሁ» እያለ ብቻ የሚኖር ሰው በ90ኛው ቀን 138 ነጥብ ይዞ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ከላይ ሲገባ ከታች ይፈሳል፤ ቂጡ የተቀደደ ጆንያ ነው፣ እስከ ዕለተ ምጽአት 500 አይሞላም። መብራት ጠፍቶ ባትሪ ከሞተ ወይም ጥቅል ካለቀ ደግሞ የሰባቱ ቀን ቆጠራ እንደገና ከአንድ። አፑ በግሪንዊች ሰዓት የሚሄድ ከሆነ አዲሱ ቀን ለእኛ የሚገባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በ6 ሰዓት ከእንቅልፉ ተነስቶ የነካ ሰው የነካው ትናንትን ነው።

አስተያየት ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «አሪፍ ነው» አጠረ ተብሎ ይመለሳል፤ ከሻጩ ገጽ የተቀዳ ፎቶም ይያዛል። ዕቃው በቀን ብርሃን፣ ከነጉድለቱ መነሳት አለበት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ ብቻውን የቆመ ጫማ ያየ መንገደኛ ባለቤቱ ሰጠመ ብሎ እንዳይጮህ፤ ነጥብ እየተሠራ ነው።

ትልቁ እህል ያለው ግብዣው ላይ ነው። በሁለተኛ ሲም ራስን መጋበዝ አይሞከርም፤ አፑ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ራሱን ይለያል፣ የተጠራቀመውም ይታገዳል። ስለዚህ ሊንኩ የዕድሩ ቴሌግራም ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቡና ላይ ይከተላል፦ «እትዬ፣ ይቺን ብቻ ይንኩልኝ፤ ምንም አይቆርጥብዎትም።» መንካት ግን አይበቃም። በዚያው ሊንክ መመዝገብ፣ ቀጥሎም መግዛት አለባቸው። ዘመድ ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ሆኗል፤ የጫነና ያልጫነ። የጫነው ለምንም አይሆን።

ሰባት ተጋባዥ፣ 350። ከ138 ጋር 488። አንድ ባለፎቶ አስተያየት፣ 498። ሁለት ጎደለ! በ91ኛው ቀን የመጀመሪያዋ 1 ነጥብ ትሞታለች፤ ደግነቱ 91 ለሰባት ስለሚካፈል 5 ይገባል። 502። ኩፖኑ ከ1000 ብር በላይ ለሆነ ግዢ ብቻ እንደሆነ፣ ማድረሻንም እንደማይጨምር ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ሲደርስ ይነበባል።

ጣት ቁልፉ ላይ ሳያርፍ ማሳወቂያ ይመጣል። እትዬ ጫማው ጠቧቸው መልሰውታል። 452።