በተቆለፈ ሻንጣ ውስጥ ያለ መጫወቻ ማንን ያስፈራል?

በርሊን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ በአውቶቡሶቿ፣ በከተማ ባቡሮቿና በጣቢያዎቿ ውስጥ ስለትና የጦር መሣሪያ ይዞ መገኘትን ከልክላለች። ሃምቡርግ ቀደም ብላ በ2024 ማብቂያ ላይ ያንኑ አድርጋለች። ሰው በስለት በሚወጋበት ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣ አይገርምም፤ በእሱ ላይ ጠብ የለኝም። ያበሳጨኝ ደንቡን ተከትሎ የመጣው ንግግር ነው። ጩቤ ከተከለከለ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ሁሉ፣ በጦርነት አምሳያ ጨዋታ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩሰው ኤርሶፍት የሚባለው መጫወቻ መሣሪያም ጭምር፣ ተቆልፎበትም ቢሆን ባቡር ላይ መውጣት የለበትም ይሉናል። አንዳንድ የትራንስፖርት ድርጅቶች ደግሞ ከንግግር አልፈው በመንገደኞች ደንባቸው ላይ የጦር መሣሪያን ከነአምሳያው በአንድ መስመር ከልክለው ጨርሰዋል። በምን እንደታሸገ፣ እንዴት እንደተያዘ፣ ወዴት እንደሚሄድ አንዲት ቃል አልጻፉም።

ከዚህ ወገን ከሚሰነዘሩት መከራከሪያዎች ሁሉ ደካማው፣ ነገር ግን ተደጋግሞ የሚመጣው፣ መጫወቻ ከሆነ ለምን ይቆለፍበታል የሚለው ነው። የሚቆለፍበት የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ሕጉን ገልጦ አላየም። ተጫዋቹ የሚቆልፈው ሕግ ቆልፍ ስላለው ነው። የጀርመን የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 42ሀ ከኤፕሪል 2008 ጀምሮ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል ነገር በአደባባይ ይዞ መንቀሳቀስን ይከለክላል፤ ተላልፎ የተገኘ እስከ 10,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ያው አንቀጽ በተቆለፈ መያዣ ውስጥ አድርጎ ማጓጓዝን ግን ይፈቅዳል። እንግዲህ ሳይቆልፍ ቢይዘው ይቀጣል፣ ቆልፎ ቢይዘው ይጠረጠራል። ሕግ ያዘዘውን የፈጸመን ዜጋ በመፈጸሙ መጠርጠር ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

የብሪታንያ ሕግም በሌላ መንገድ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 19፣ በ2003 በወጣ ማሻሻያ አማካይነት፣ አስመስሎ የተሠራ መሣሪያን ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ወይም ያለ በቂ ምክንያት በሕዝብ ቦታ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙም የያዡ ነው፤ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በዝግ ቦርሳ ይዞ ወደ መጫወቻ ሜዳ የሚሄድ ሰው ግን የሚያስረዳው ምክንያት አለው። ወገቡ ላይ ሽጦ ለመንገደኛ የሚያሳይ ጎረምሳ የለውም። በርሊንም ሆነ ለንደን፣ ሕግ አውጪዎቹ ተቀምጠው ሲያስቡ የጠየቁት ይህንን ነው፤ ዕቃው ይታያል ወይ? እጅ ቶሎ ይደርስበታል ወይ? ለምን ጉዳይ ወጣ? አሁን ሁሉም ይከልከል የሚሉት እነዚህን ጥያቄዎች የሚዘሏቸው መልስ አግኝተውላቸው አይደለም። መጠየቁ ራሱ ሰልችቷቸው ነው።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ደንቡን የሚያውቅ ተጫዋች ከቤት ከመውጣቱ በፊት ካዝናውን ይነቅላል፤ በበርሜሉ ውስጥ የቀረች ፍሬ እንዳትኖር ወደ መሬት አነጣጥሮ ባዶውን ይስባል፤ የባትሪውን ገመድ ይፈታል፤ አፈሙዙ ላይ ሽፋን ያጠልቃል። ከዚያ ሰደፉን አጥፎ ወይም ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ያስተኛዋል፤ ሁለቱን የዚፕ ጫፎች አገናኝቶ ትንሽ ቁልፍ ይሰካባቸዋል። በዚህ መሣሪያ የሚተኮሰው ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋትና ብዙውን ጊዜ 0.20 ግራም ክብደት ያለው የፕላስቲክ ፍሬ ነው። የብሪታንያ ሕግ በ2017 ኤርሶፍትን ከእውነተኛ መሣሪያ ሲለይ የፍሬውን ኃይል ወሰን፣ ኃይል በሚለካበት በጁል፣ በተከታታይ ለሚተኩሰው 1.3 ጁል፣ ለሌላው 2.5 ጁል አድርጎታል። የጃፓን ወሰን ደግሞ ለዚሁ ስድስት ሚሊ ሜትር ፍሬ ከአንድ ጁል በታች ነው። ተራ የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ወደ 500 ጁል የሚጠጋ ኃይል ይዞ ይወጣል። የፕላስቲኩ ፍሬ ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህም ያለ መከላከያ መነጽር ማንም ሜዳ አይገባም። ነገር ግን ባትሪውና ካዝናው ተነቅሎ በተቆለፈ ቦርሳ ውስጥ የተኛ መሣሪያ ከቆመ ጃንጥላ የበለጠ ማንን ይጎዳል?

እዚህ ላይ ሲደርሱ የታሚር ራይስን ስም ያነሳሉ። በኖቬምበር 2014 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ አንድ መናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ የገደለው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ይህን ስም ለክርክር ማሳመሪያ የሚያነሳ ሰው ቢያንስ የሆነውን በትክክል ሊያውቅ ይገባል። ሽጉጡ በቦርሳ ውስጥ አልነበረም፤ ልጁ በእጁ ይዞት ነበር። መጫወቻ መሆኑን የሚያሳውቀው ብርቱካናማ የአፈሙዝ ምልክት ተነቅሎ ነበር። ፖሊስ የጠራው ሰው መሣሪያው ምናልባት የውሸት እንደሆነ፣ ልጁም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሳይሆን እንደማይቀር ለስልክ ተቀባይዋ ነግሯት ነበር፤ ቃሉ ግን ለፖሊሶቹ አልደረሰም። መኪናቸው እንደቆመ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ አንደኛው ተኮሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአንድ በላይ ጥፋት አለ። ከመካከላቸው ግን ቆልፎ ማጓጓዝ የሚባል ጥፋት የለም። እንዲያውም ይህ ሞት በእጅ ይዞ መታየትን የሚከለክለውን፣ ማሸግንና መቆለፍን የሚያዘውን ሕግ የሚደግፍ ነው። የአንድን ሕፃን ሞት ተቃራኒውን ለማስረዳት መጠቀም ያሳፍራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ክልከላ ዕቃውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው መኪና የሌለውን ሰው ነው። ኤርሶፍት በአብዛኛው የሚካሄደው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ በጫካ፣ በተተወ ፋብሪካ፣ በቀድሞ የወታደር ሰፈር። ከተማ መሀል ሜዳ ቢገኝም ጥቂት ነው። ስለዚህ መጓዝ ግዴታ ነው። መኪና ያለው ሰው ያንኑ ቦርሳ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወርውሮ ሙዚቃ ከፍቶ ይሄዳል። ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይፈራውም፣ የሚመለከተውም የመንገደኞች ደንብ አይኖርም። ያንኑ ቦርሳ፣ ያንኑ ቁልፍ፣ ያንኑ ባዶ መሣሪያ ይዞ ባቡር የሚሳፈር ተማሪ ግን የኅብረተሰቡ ስጋት ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመንጃ ፈቃድና የነዳጅ ገንዘብ ብቻ ነው። የሕዝብ ደኅንነት በምን ተአምር ነው ባለመኪናው ሲይዘው የማይደፈረው?

ባለመኪናው የሚጓዘው ብቻውን ነው፣ ባቡር ግን በሰው የተሞላ ነው ይሉኛል። መልካም። ያ ባለመኪና ነዳጅ ማደያ ላይ ይቆማል፣ ለምሳ ይወርዳል፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ በመቶ ሰዎች መሀል ቦርሳውን አውጥቶ ይሸከማል። በዚያ ሁሉ መሀል የሚጠብቀን ምንድን ነው? ቦርሳው መቆለፉ ነው። ቁልፉ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ በቂ ከሆነ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የማይበቃበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳ ሰው አልሰማሁም። ሕጉ ራሱ ልዩነት አላደረገም፤ የጀርመኑ አንቀጽ በተቆለፈ መያዣ ይላል እንጂ በተቆለፈ መያዣ በግል መኪና አይልም። ሕግ አውጪው ያላስገባውን ቃል የትራንስፖርት ድርጅት በደንብ ስም ከጎን ሲሰካው ዝም ልንለው አይገባም። መኪና የሌላቸው ደግሞ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን፤ ወጣቶች፣ ተማሪዎች፣ ደመወዛቸው ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሠራተኞች ናቸው። ሰው መኪናውን ትቶ ባቡር ይሳፈር እያሉ ሲሰብኩ የኖሩት ከተሞች፣ ባቡር የተሳፈረውን ወጣት መልሰው ወደ መኪና ይገፉታል።

በዚህም አያበቃም። ሕጋዊ መንገድ የተዘጋበት ሰው ሁሉ ቤቱ አይቀመጥም። የሚታወቀውን ረጅም የመሣሪያ ቦርሳ ትቶ በጊታር ሻንጣ ወይም በልብስ መካከል ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሽጉጥ ከሆነ ጃኬቱ ውስጥ ይከተዋል። ያኔ ቁልፉም ይቀራል፣ የአፈሙዝ ሽፋኑም ይቀራል። ከቦርሳ ወድቆ ፉርጎ ወለል ላይ የሚገኝ መሣሪያ ያን ጊዜ ይመጣል፤ ጩኸቱም፣ መገፋፋቱም፣ ታጥቆ የሚሮጠው ፖሊስም ያን ጊዜ ይመጣል። ክልከላው አስቀራለሁ ያለውን አደጋ በገዛ እጁ ይጠራዋል። ደንብ አክባሪውን የሚቀጣ፣ ደባቂውን የሚሸልም ደንብ የጸጥታ ደንብ ተብሎ መጠራቱ ያናድደኛል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የሰው ፍርሃት እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ሰው ግን የሚደነግጠው የሚያየውን ነው። መንገደኛው የሚያየው ጥቁር የጨርቅ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሁን የካሜራ መቆሚያ ወይም የኤርሶፍት ጠመንጃ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገባውም። ሠራተኛው እውነተኛውን ከአምሳያው በዓይን መለየት አይችልም የሚለውም መከራከሪያ እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ በዝግ ቦርሳ ውስጥ ያለውን በዓይን ለይ ያለው ማን ነው? ፍተሻ ካለ ቦርሳው ይከፈታል፣ ዕቃው ይታያል፣ መንገደኛው ይጠየቃል። በአውሮፕላን ጉዞ እንኳን፣ ጥብቅ ፍተሻ ባለበት፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የኤርሶፍት መሣሪያን ከመንገደኛው ጋር ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ግን ይፈቅዳል። አውሮፕላን የተሸከመውን የከተማ ባቡር አልሸከምም ሲል ምክንያቱን ይንገረን።

ቦርሳው ውስጥ በእርግጥ የሚያሰጋ ነገር ከተፈለገ ደግሞ አለ፤ ባትሪው ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ኤርሶፍት መሣሪያዎች የሚሠሩት በሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ የተጎዳ ወይም ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል። የለንደን ትራንስፖርት በዲሴምበር 2021 የግል የኤሌክትሪክ ስኩተሮችን ከባቡሮቹና ከአውቶቡሶቹ ያስወጣው በባትሪያቸው ምክንያት እሳት ስለተነሳ ነው። አደጋውን በስሙ ጠርቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ከለከለ፤ አከብረዋለሁ። የኤርሶፍት ባትሪ ተነቅሎ እሳት በሚከላከል ከረጢት ይያዝ፣ በጋዝ ለሚተኩሱት የሚያገለግለው የጋዝ ቆርቆሮ ከናካቴው አይሳፈር ቢሉ ነገ ፈርሜ እቀበላለሁ። እነሱ ግን ስለ ባትሪ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የጨነቃቸው የዕቃው መልክ ነው።

የሚያስፈልገው ደንብ ከሦስት መስመር አይበልጥም። አስመስሎ የተሠራ መሣሪያ ካዝናውና ባትሪው ተነቅሎ፣ ቅርጹን በማያሳይ በተቆለፈ መያዣ ውስጥ ይጓጓዝ፤ በጣቢያም ሆነ በጉዞ ላይ አይከፈት፤ ፖሊስ ወይም ተቆጣጣሪ ከጠየቀ ባለቤቱ ከፍቶ ያሳይ። የጣሰ ይቀጣ፣ ቅጣቱም ይክበድ። በበርሊን ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ መንገደኛን የመፈተሽ ሥልጣን ስለተሰጠው መቆጣጠሪያው በእጁ ነው። ይህን በመንገደኞች ደንቡ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ድርጅት፣ ሕግ የፈቀደውን በምን ሥልጣን እንደከለከለና በተቆለፈ ቦርሳ ምክንያት የተጎዳው መንገደኛ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስታውቅ።