የቻርጀሩ አርበኛ

አዳማ ውስጥ በብዙ ቤት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጸም ሥርዓት አለ። አባወራው ከሶፋ ይነሳሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ የልጆቹን ክፍል ይዞራሉ፤ ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር ካገኙ ከግድግዳው ይነቅሉታል። «መብራት በነፃ የሚመጣ መሰላችሁ?» ይላሉ። መልስ የሚሰጥ የለም። እንዲህ ያለ ውለታ ሳይመሰገን ሲቀር ነውር ነው፤ እነሆ እናመስግን።

ውለታው በቁጥር ይህን ይመስላል። ስልክ ያልተሰካበት ደህና ቻርጀር የሚስበው 0.2 ዋት ገደማ ነው። ወሩን ሙሉ፣ 720 ሰዓት፣ ሳይነቀል ቢከርም 144 ዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመድፈን ሰባት ወር ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ከከተማዋ ጫፍ የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 204 ሜጋዋት ተሸክመው ይሽከረከራሉ፤ አባወራው አንድ ቻርጀር በነቀሉ ቁጥር እነዚያ ክንፎች እፎይ የሚሉ ይመስላቸዋል። ለክብራቸው ሲባል ይህን የቻርጀር የወር ፍጆታ፣ 144 ዋት ሰዓቱን፣ መለኪያ እናድርገውና «አንድ ቻርጀር» ብለን እንጥራው።

አርበኛው ቻርጀር ሲነቅሉ መንገዳቸውን የሚያበራላቸው የበረንዳው አምፖል ነው። ባለ ክር፣ 60 ዋት፣ ለሌባ ተብሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲበራ የሚያድር። በአንድ ሌሊት አምስት ቻርጀር። በ9 ዋት ኤልኢዲ ቢተካ ሌሊቱ በአንድ ቻርጀር አልቆ ትርፍ ይኖረው ነበር። ነገር ግን ኤልኢዲ ሲገዙት ውድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ውድ ነገር አይወዱም።

የምጣዱ ጉዳይ ግን ለብቻው ሐውልት ይገባዋል።

በዚህ ቤት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ስምንት ስምንት እንጀራ ይጋገራል፤ አባወራው ትኩስ ትኩሱን ነው የሚወዱት። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የመጀመሪያውን ሊጥ ከመቀበሉ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይሞቃል። ይህ ማሞቂያ ብቻ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ፣ ስድስት ቻርጀር ነው። በአዳማ ሙቀት የሳምንቱን ባንዴ ጋግሮ ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ስለሆነ እሱን አንመክርም፤ ግን በሁለት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቢጋገር አንዱ ማሞቂያ በየሳምንቱ ይቀር ነበር። የሸክላው ሙቀት ቶሎ ስለማይበርድ የመጨረሻውን እንጀራ አስፍቶ ማጥፋት፣ በተረፈው ግለት ላይ ቆሎ ማመስም ይቻላል። አክንባሎው ጫፉ ተጣሞ እንፋሎት የሚያስወጣ ከሆነ ዓይኑ ደህና አይወጣም፣ እያንዳንዱም እንጀራ ምጣዱ ላይ ይቆያል። ይህ ሁሉ ግን የሴቶች ወሬ ነው ተብሎ በዚህ ቤት አይሰማም። ቻርጀር የለበትማ።

የአባወራው ጥበብ የሚታየው የምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ ነው። አዲስ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ስለዚህ የተቃጠለው ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረው ተጎትቶ በእጅ ይጠመዘዛል። ምጣዱም በተአምር ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል! ተአምሩ ቀላል ነው። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል፤ አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ 3.5 የነበረው ወደ 3.9 ኪሎዋት ይጠጋል፣ 16 አምፔር ይስብ የነበረውም ወደ 18 ይወጣል። የተጠመዘዘው ቦታ ደግሞ ከሌላው በላይ ስለሚግል ቀድሞ ይበጠሳል። ይቆረጣል፣ ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል። ከሦስተኛው ጥገና በኋላ የሶኬቱ ፊት ቡና ቀለም ይይዛል፣ ብሬከሩም መውደቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ተራ ሰው ምጣዱን ይጠረጥራል። አርበኛው ግን ብሬከሩን ነው የሚጠረጥሩት፤ አውጥተው በ32 አምፔር ይተኩታል። ከዚያ በኋላ የሚወድቅ ነገር የለም። በግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ግን አልተነገረውም፤ እሱ ከ20 አምፔር ብዙም ለማይበልጥ ጭነት እንደተቀበረ ነው። በዝምታ ይግላል። ሽፋኑ መሽተት ሲጀምር ቤተሰቡ ጎረቤት ፕላስቲክ የሚያቃጥል ይመስለዋል።

ወደ ውኃው እንሂድ። የጓሮው ቧንቧ በሰከንድ አንድ ጠብታ ይጥላል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብንል በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ከስድስት ጀሪካን በላይ ነው። ሳንቲም የምታህል የውስጥ ጎማ መቀየር ይበቃው ነበር፤ በምትኩ ቧንቧው በጡንቻ ይጠበቃል። ጎማው ይብሱን ይቆረጣል፣ ቀጥሎ የመዝጊያው ጥርስ ያልቃል፣ በመጨረሻ ሙሉ ቧንቧ ይገዛል። የመጸዳጃው ታንክ ማንጠባጠቡን ደግሞ ማንም አያይም፤ ድምፅ የለውም። የቀይ ሥር ውኃ ታንኩ ውስጥ ጠብ አድርጎ ሩብ ሰዓት ሳይለቁ መጠበቅ ነው፤ ሳህኑ ከቀላ የታችኛው ጎማ አይገጥምም። ማን ይሞክረዋል? ቀይ ሥር በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ውኃ ሲጠፋም አባወራው ቧንቧውን ከፍተው ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ይተኛሉ፤ ሲመጣ ድምፁ እንዲቀሰቅሳቸው። ባዶው መስመር መጀመሪያ የሚልከው አየር ነው፤ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። በሌሊት ሲፏጭ የሚያድረው ነፋስ ከሆነ ነፋስ ከፍለው ገዙ ማለት ነው። አዳማ ላይ! ነፋስ!

ፍሪጁንም ሌሊት ያጠፉታል። ጠዋት ወተቱ እርጎ ሆኖ ይገኛል፤ ይኼ በቁጠባው ላይ እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

የሳምንቱ ታላቅ ዘመቻ ግን ቲማቲም ነው። ሰፈር ካለው ጉልት ይልቅ ትልቁ ገበያ በኪሎ አምስት ብር ይረክሳል ተብሎ ባጃጅ በኮንትራት ተይዞ ይኬዳል። ከመቂና ከባቱ በኩል የመጣው ቲማቲም በሣጥን ሲገዛ ደግሞ ይብሳል ርካሽነቱ፤ አባወራው አንድ ሣጥን ያነሳሉ፣ ተመልሰውም በኮንትራት ይመጣሉ። የባጃጁ ሂሳብ ከቲማቲሙ ጋር አይደመርም፤ ትራንስፖርት ሌላ ርዕስ ነው። ሣጥኑ ኩሽና ጥግ፣ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ከሥር ያለው ከላዩ በተጫነው ክብደት ይፈነዳል፣ የፈሰሰው ጎረቤቱን ያበላሻል፣ በአራተኛው ቀን ግማሹ ለበግ ይሆናል። በግ ካለ። ቲማቲሙ ጭራው ወደ ታች፣ ባንድ ረድፍ፣ ጥላ ላይ ቢዘረጋ፣ የበሰለውም ተለቅሞ ቀድሞ ቢሠራ ሳምንት ይዘልቃል። ሽንኩርቱም በፌስታል ታስሮ ከድንች ጋር ባይከረቸም አይበቅልም ነበር። ቢሆንም ሰውየው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ፤ የእሳቸው እንቁላል ግን ባጃጅ ነው የለመደ።

ሰሞኑን ሳሎን ያለው ሶኬት ላልቷል። ለዓመታት በየማታው ሲነቀል በየጠዋቱ ሲሰካ ከርሞ ውስጡ ያለው መዳብ ተከፍቷል፤ ቻርጀሩ ሲሰካ ቺስ እያለ ይፈነጥቅ ነበር፣ ትናንት ማታ ቻርጀሩ ጭራሽ ተቃጠለ። አባወራው ዛሬ በማለዳ ተነስተዋል። ፍራንኮ አካባቢ ቻርጀር በ20 ብር ይረክሳል ሲባል ሰምተው ባጃጅ ጠርተዋል፤ ኮንትራት።